ማህተም ያለው ወረቀት

ኮሎራዶ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ተገኝ ያልሞላው የኢሚግሬሽን ፎርም ካለ፣ ያ ፎርም ገና ከማተሚያ ቤት አልወጣም። ይህን የሚለው ራሱ ተገኝ ነው፤ ግን ደጋግሞና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚለው ውሎ አድሮ ሰፈሩም እንደዚያው ይል ጀመር። ጠረጴዛው ገንዘብ በሚላክበትና ሻንጣ በሚመዘንበት ሱቅ ጥግ ናት፤ በግራዋ የበርበሬ ከረጢት፣ በቀኟ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ። ከዚያች ጥግ፣ በእሱ አባባል፣ ሦስት ሺህ ሰው ዜጋ ሆኖ ተነሥቷል። ሚስቱ እንቁ አንድ እሑድ በጣቷ ስትቆጥር ግን አርባ ሰባት ላይ አለቀባት።

«አርባ ሰባት?» አለ ተገኝ ተንገሽግሾ። «አርባ ሰባት እኮ የአንድ ማክሰኞ ሥራዬ ነው!»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ከኤርፖርት ሰው ስታመላልስ ነው የምትውለው» አለችው እንቁ፣ ቀና ሳትል።

ስለ ወረቀት የማያወላውል እምነት ነበረው፦ ማህተም ያለው ወረቀት ሰው አይጎዳም። በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። እዚያ የተማረው፣ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ጉዳዩን ሳይሆን የማህተሙን ብዛት መሆኑን ነው። አሜሪካ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ትምህርቱን አልረሳም። ለዜግነት ከተጠየቁት ሦስት ወረቀቶች ጋር እሱ ሠላሳ ያያይዛል፤ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የመዘምራን ምስክር ወረቀት፣ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» የሚል የሥራ ቦታ ሽልማት፣ ክብ ነገር የታተመበትን ሁሉ። የእሱ ፋይል የደረሰበት መሥሪያ ቤት ወለሉን በብረት አስደግፏል ይል ነበር።

አንድ ቦታ ብቻ ሁልጊዜ ባዶ ይቀራል። ፎርሙ መጨረሻ ላይ፣ ለአመልካቹ የሞላለት ሰው ስሙንና ፊርማውን የሚያሰፍርበት ሣጥን አለ። ተገኝ እሱን ሣጥን ሞልቶት አያውቅም። «እኔ ስሜ ባይጻፍም እታወቃለሁ» ይላል ሲጠይቁት። እውነቱ ሌላ ነው። ጠበቃ አይደለም፣ በሕግ ጉዳይ ሰው መምከርም አይፈቀድለትም፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቃል።

ፀዳል አበልጁ ናት። ሴት ልጁን ሮሆቦትን ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት። ከእንቁ ጋር ኦሮራ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሽማግሌ አንሥታ አጥባለች፣ አልብሳለች፣ አጉርሳለች፣ ጊዜው ሲደርስም ዓይን ከድናለች። ተገኝ ሲያወራው ፀዳል አልጋን ከነታማሚው በአንድ እጇ የምታነሣ ሴት ነበረች። ይሄ የእሱ ግነት ነው። የደረሰባት ግን ግነት አያስፈልገውም። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ግዙፍ ታማሚ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ተንሸራተተ። ለቅቃው ዘወር ማለት ትችል ነበር፤ አልለቀቀችውም። እሱ አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም። የእሷ አከርካሪ ግን ያኔ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ የጀርባዋና የእግሯ ጡንቻ በድንገት እየተኮማተረ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል።

መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ ከላይ እስከ ታች ሕጋዊ ነበር፤ ዋሽንግተን የፈቀደው፣ ስሟ የተጻፈበት፣ ፋርማሲስቱ ፈገግ ብሎ በወረቀት ከረጢት የሚያቀብላት። ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት ሄደች። ግሌንዴል ውስጥ አንድ የሚያውቁት ሰው በዚያው ክኒን ሞቶ «ልቡ ነው» ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠውለታል። አንድ ከሰዓት እንቁ ከሥራ ስትወጣ ፀዳልን መኪናዋ ውስጥ አገኘቻት፤ አንገቷ መሪው ላይ ወድቋል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። አምቡላንስ ባይደርስ ኖሮ ያን ቀን አልቃ ነበር።

ከዚያ ሌላ ሐኪም ክኒኑን የሚያስተዋት ነገር አለ አላት። ካናቢስ። በጠብታ መልክ፣ ስቴቱ ለታማሚ የሚሰጠውን ቀይ ካርድ አውጥታ፣ ከተፈቀደለት ሱቅ።

«ሐሺሽ?» አለች ፀዳል ለተገኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በርበሬው እንዳይሰማ የፈለገች ይመስል። «እኔ? የማርያም ማኅበርተኛዋ?»

ለተገኝ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ከወንበሩ ተነሣ።

«አበልጄ፣ ስሚኝ። ይሄ ኮሎራዶ ነው! እዚህ ሕጉ ነው! ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር ሂጂበት፤ የዚህን ነገር ምልክት፣ አረንጓዴ መስቀል፣ ያልለጠፈ ሱቅ ካገኘሽ እኔ ጢሜን እላጫለሁ። ከግብሩ ትምህርት ቤት እየተሠራ ነው። ሕጉ ሲወጣ እኔ እዚሁ ነበርኩ። እኔን ጠይቂኝ!»

ፎርሙን ራሱ ሞላላት፣ ራሱ ነድቶ ወሰዳት። በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቁ «የእኔ እንግዳ ናት» አለ፣ ሱቁ የአባቱ ይመስል። ፀዳል በነጠላዋ ግማሽ ፊቷን ሸፍና ገባች። ስትወጣ የያዘችው ከዓይን ጠብታ የማትበልጥ ብልቃጥ ነበር። በሳምንቱ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ ተናገረች። እሳቸውም «መድኃኒት ብለሽ ከወሰድሽው መድኃኒት ነው። ብቻ አትደብቂው» አሏት።

ማታ ሁለት ጠብታ ከምላሷ በታች። ጡንቻዋ ይለቃታል፣ እንቅልፏ እንቅልፍ ይሆናል። በሦስት ወር ክኒኑን ተወች። በስድስተኛው ወር በግማሽ ሺፍት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሰው ማንሣት አትችልም፣ ግን አጠገባቸው ተቀምጣ ታበላለች። ተገኝ ይህን ለሰው ሲተርክ ሽባ የፈወሰ ያህል ነበር፤ ጠብታውንም እሱ የጨመቀው እስኪመስል።

ባለፈው ዓመት ወልዲያ ያለው ወንድሟ ሞተ። እናታቸው እማማ አበዛሽ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ቀሩ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም። ዜጋ ግን ይችላል። ፀዳል ከተገኝ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብላ «አሁኑኑ ሙላልኝ። ጊዜ የላትም» አለችው።

ሞላላት። ፎርሙ ውስጥ ጥያቄዎች የሚንጋጉበት ገጽ አለ፤ አሸባሪ ነሽ ወይ፣ ሰው አሠቃይተሻል ወይ፣ ያልተያዝሽበት ወንጀል ሠርተሻል ወይ። ተገኝ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ አይቆምም፤ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ እስከ ታች ይወርዳል። አላነበበላትም። ከዚያ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ስካን አደረገ። የክርስትና ካርዷ፣ የሥራ ቦታ ምስጋናዋ፣ የማኅበሯ ደብዳቤ። ቀይ ካርዷም ቦርሳዋ ውስጥ ነበረ። የኮሎራዶ ስቴት ማህተም አለበት፤ ክብ፣ ጥርት ያለ።

«ይሄን የመሰለ ማህተም ይተዋል እንዴ?» አለ። አያያዘው።

በኢንተርቪው ቀን ሙሉ ልብስ ለብሶ የኢሚግሬሽን ቢሮው ፓርኪንግ ውስጥ ጠበቃት። ኬክ አዝዟል። ትንሽ ባንዲራ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ሰክቷል። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ እጁን አውለበለበ። እሷ አላውለበለበችም።

«አለፍሽ?»

«ውኃ አለህ?»

ጠጣች። ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለማሳረፍ እንደምታደርገው እጇን ከወገቧ ሥር አስገባች።

«መርማሪው ወረቀቱን አወጣና ፊቴ አስቀመጠው» አለች።

«የቱን ወረቀት?»

«ቀይ ካርዴን። የእርስዎ ነው አለኝ። የእኔ ነው አልኩት። ይጠቀሙበታል አለኝ። ማታ ማታ፣ ሁለት ጠብታ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያዘነም መሰለኝ፣ አበልጄ። ይሄ በፌዴራል ሕግ ወንጀል መሆኑን ያውቃሉ ወይ አለኝ።»

«በኮሎራዶ ሕግ እኮ…»

«እሱን አልኩት። ሐኪም ነው የጻፈልኝ፣ ስቴቱ ነው ካርድ የሰጠኝ፣ ተሸሽጌ አላደረግኩትም አልኩት። እኔ የኮሎራዶ ሠራተኛ አይደለሁም አለኝ።» ጠርሙሱን ከደነችው። «ከዚያ ፎርሙን አገላብጦ፣ ያልተያዙበት ወንጀል ሠርተዋል ወይ ለሚለው ኖ ብለዋል አለኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ተገኝ መኪናውን አላስነሣም። ሰውየው ጠዋት ወደ ሥራ ሲነዳ ስንት አረንጓዴ መስቀል አልፎ እንደመጣ አሰበ፤ ዐሥር ይሆናል፣ ሃያም ይሆናል። ሱቆቹ ውስጥ ተማሪዎች ቅዳሜን ለማድመቅ ይሰለፋሉ። እነሱን የሚጠይቅ የለም።

«አሮጌ ካርድ ነው፣ አልተጠቀምኩበትም ብትዪውስ ኖሮ?»

ፀዳል ዞር ብላ አየችው።

«እጄን አንሥቼ ምዬ?»

ባንዲራውን ከዳሽቦርዱ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ኬኩ ሱቁ ውስጥ ቀረ።

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ፀዳል ቤት፣ እንቁ ባለችበት፣ ተገኝ እንዲያነብላት ተሰጠው። እንግሊዝኛው ለፀዳል አይጠፋትም ነበር፤ ግን ከሰው አፍ መስማት ፈለገች። ማመልከቻዋ ውድቅ የሆነበት ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ፎርሙ ላይ ሐሰት መልሳለች። ሁለተኛ፣ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቅማለች። ስለዚህ ይላል ደብዳቤው፤ ተገኝ እዚያ ቆመ።

«ስለዚህ ምን?» አለች ፀዳል።

በሕይወቱ ቃል ያጠረው ያን ቀን ነው። «ስለዚህ… መልካም ጠባይ እንዳላት አላረጋገጠችም ይላል።»

«መልካም ጠባይ የላትም ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ዓይነት ነገር ነው።»

እንቁ ጭኗን መታች። «የማን ጠባይ? የእሷ? የእነሱን እናትና አባት ዐሥራ አራት ዓመት ያጠበችው የማን እጅ ነው? ያ ክኒን ሊገድላት ሲል ጠባይዋ ጥሩ ነበር፤ ስትድን ነው የተበላሸው?»

ፀዳል ደብዳቤውን ተቀብላ በአራት አጠፈችው፤ ከዚያ እንደገና ዘረጋችው፣ የታጠፈ ወረቀት ቢሮ አይቀበልም ብሎ ያስተማራት ተገኝ ስለሆነ።

ይግባኝ ለማለት የያዘቻት ጠበቃ ሲና ትባላለች፤ ዴንቨር ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ያልሞላት። ተገኝ ገና ከመቀመጡ «አባትሽን ዜጋ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አላት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ስሙን ሚስፔል አድርገውት ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።» ወደ ፀዳል ዞረች። «እትዬ ፀዳል፣ ፎርሙን ማን ሞላልዎት? እዚህ ቦክሱ ባዶ ነው።»

ፀዳል መስኮቱን አየች።

«ራስዎ ነዎት የሞሉት?»

«አይደለሁም።»

«እሺ፣ ማነው?»

«እሱን አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

ተገኝ የተቀመጠው ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ ነው። ሲገቡ ለሲና «ለዛሬ ሹፌሯ ብቻ ነኝ፣ ጎረቤት» ብሏታል። ሲና አስረዳች፤ አማርኛና እንግሊዝኛውን እየቀላቀለች፣ ግን እያንዳንዱ ነገር ይገባል። ሁለት ነገር አለ። ሐሰት የሚለው የከፋው ነው፤ ፋይሏ ላይ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ጥያቄው እንዳልተነበበላት፣ ካርዱን ያያያዘው ሌላ ሰው እንደሆነ የሚመሰክር ካለ ሊነሣላት ይችላል። ያ ሰው ግን ሳይፈቀድለት ሲያማክር እንደነበር በፊርማው ማመን አለበት፤ ሊጠየቅበትም ይችላል።

«ሁለተኛውስ?» አለች ፀዳል።

«ሁለተኛው ሕጉ ራሱ ነው።» ሲና እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ስቴቱ መድኃኒት ነው ይላል፣ ፌዴራሉ ወንጀል ነው ይላል። ሲቲዝን ቢሆኑ ማንም አይጠይቅዎትም። ሲቲዝን ስላልሆኑ ነው። ካቆሙበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ንጹሕ መሆን አለብዎት። አይ ኖው። እኔም ትክክል ነው አላልኩም። አሁኑኑ ያቁሙት። ከአገርም አይውጡ፤ ከወጡ ላያስገቡዎት ይችላሉ።»

መምጣት ያልቻለች እናት አለች፤ አሁን ደግሞ ሄዶ ማየትም የማይቻል ሆነ። ተገኝ የዚህን ሁሉ መነሻ አንድ በአንድ ያውቀዋል። «እዚህ ሕጉ ነው፣ እኔን ጠይቂኝ» ያለው እሱ ነው። ነድቶ የወሰዳት፣ ማህተሙን አይቶ የጓጓው፣ በ«ኖ» ረድፍ ላይ የጋለበውም እሱ ነው። እሷ ራሷን ለማዳን አልዋሸችም፤ እሱን ለማዳን ደግሞ አፏን ዘግታለች።

«ወረቀት አምጪ» አለ ሲናን።

«ይቅርታ?»

«እኔ ነኝ የሞላሁት። ጻፊ። እኔ ተገኝ፣ ከሦስት ሺህ በላይ ፎርም በመሙላት በመላው ኮሎራዶ የታወቅኩ…»

«ጋሼ።» ሲና ጣቶቿን ከኪቦርዱ አነሣች። «ይሄ ቃለ መሐላ ነው። ስንት ነው?»

«ወደ ሦስት ሺህ…»

«የሚምሉበትን ቁጥር ነው የጠየቅኩዎት።»

«አርባ ሰባት» አለ። «ከእሷ ጋር አርባ ስምንት።»

«ጥያቄውን አንብበውላታል?»

«እንግዲህ፣ በአጠቃላይ ስናየው…»

«ጋሼ።»

«አላነበብኩላትም።»

«ካርዱን ለምን አያያዙት?»

ተገኝ ረጅም መልስ ነበረው። ኮምቦልቻ ነበረችበት፣ ጃንጥላው ነበረበት። ሁሉንም ዋጠው። «ማህተም ስላለው» አለ። ሲና እንዳለው ጻፈችው። አንድ ገጽ አልሞላም፤ ስለ ራሱ ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ነው። ከታች ስሙን ሙሉ ጻፈ፣ ፈረመ። ፀዳል መስኮቱን እንዳየች ነበር፤ እጇ ግን መጥቶ ክንዱን አንዴ ያዝ አድርጎ ተመለሰ።

በማግስቱ ሱቁ መስኮት ላይ የነበረውን «ፎርም እንሞላለን» የሚለውን ወረቀት ራሱ ላጠው። ማስቲሹ እምቢ ብሎ ግማሹ ቀረ።

ይግባኙ እስኪሰማ አምስት ወር ፈጀ። ፀዳል ጠብታውን ያቆመችው ሲና ቢሮ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ነው። ሐኪሙ ክኒኑን መልሼ ልዘዝልሽ ቢላት፣ እሱ አንዴ ሊያስቀብረኝ ነበር ብላ እምቢ አለች። እና ምንም ሳትወስድ ከረመች። ሥራዋን በሁለተኛው ወር ተወች። ቤቷ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ዐሥራ ስድስት ነው። ተገኝ አስቤዛ ሲያደርስላት ከላይ ትወርድና ስትመለስ ሰባተኛው ላይ ቆማ ትቀራለች፤ እግሯ እስኪለቃት የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ። «ልደግፍሽ?» ሲላት «ቆይ፣ ይሄዳል» ትላለች። ፊቷን ታዞራለች። ይህን ለማንም ሲያወራ አልተሰማም። ሰባት ደረጃ ነው፤ ሰባ ብሎ አያውቅም።

የይግባኙ ቀን አዲስ መርማሪ ነበረች፤ መነጽር ያደረገች፣ ዝግ ያለች ሴት። ፀዳል ለመሐላ ቀኝ እጇን አነሣች። ቃሉ እየተነበበ ሳለ ጡንቻዋ ያዛት። ከወገቧ ተነሥቶ ትከሻዋን ሲጠመዝዘው ተገኝ ከጎኗ ሆኖ አየው፤ ከንፈሯን ነከሰች፣ እጇን ግን አላወረደችውም። ቃሉ አልቆም እንደተነሣ ነበር።

«እጅዎን ማውረድ ይችላሉ» አለች ሴትዮዋ። ቆይታ ደግሞ «ውኃ ላስመጣልዎት?» አለች።

ተገኝም እጁን አነሣ፣ ማለ፣ መሰከረ። ስንት ፎርም ሞልተዋል ስትለው ወደ ሲና አላየም። «አርባ ስምንት።»

መርማሪዋ ፀዳልን አንድ ጥያቄ ጨምራ ጠየቀቻት። «አሁን ካቆሙት በኋላ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?»

«እያዩት ነው» አለች ፀዳል።

ውሳኔው በፖስታ መጣ። ሐሰት የሚለው ተነሥቷል። ሁለተኛው እንዳለ ነው፤ ማመልከቻው ውድቅ ነው፣ ከተጠቀመችበት የመጨረሻ ቀን አምስት ዓመት ሲሞላ እንደገና ማመልከት ትችላለች። ደብዳቤው ትሑት ነበር፤ «እናዝናለን» የሚል ቃል እንኳ አለበት። እንቁ ስትሰማ አለቀሰች። ፀዳል ስልኳን አንሥታ ወልዲያ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ አልሆነም። አምስት ዓመት አሉ።»

«ስለምን?» አሉ እማማ አበዛሽ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው።

«በምወስደው መድኃኒት። ያ ያልኩሽ ጠብታ። ካልተውሽው አይሆንም ብለው ተውኩት።»

«ያሽልሽ ነበር?»

«ያሽለኝ ነበር።»

«ከተውሽው ወዲህስ?»

«ደረጃ ላይ እግሬ ይይዘኛል» አለች ፀዳል።

«ቆይ እስቲ፣ ፀዳልዬ። አምስት ዓመት ታመሽ ቆይተሽ እኔን ታስመጪኛለሽ። ከዚያ እኔ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ አንቺን ደግፌ ላነሣ ነው፣ ወይስ አንቺ የማትቆሚው እኔን ልታነሺ?»

ተገኝ ሊስቅ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

«ምነው ዝም አልሽ? ውሰጂው መድኃኒትሽን። እኔ እስከ ዛሬ ያለሁት ወረቀት ይዤ አይደለም። በየሳምንቱ ደውይልኝ፣ በጤናሽ ደውይልኝ። ሌላውን የሚያውቅ ያውቃል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፀዳል ነጠላዋን ፈለገች።

«አበልጄ፣ መኪናህ የት ነው የቆመው?»

«ታች ነው። ወዴት ልውሰድሽ?»

«ታውቀዋለህ።»

«ከወሰድሽው እኮ አምስት ዓመቱ ከዛሬ እንደ አዲስ…»

«ሲና ነግራኛለች። ሰምቻለሁ።»

ኮልፋክስን ይዘው ነዱ። ተገኝ በመንገዱ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እንቁ ብታይ ሐኪም ትጠራለት ነበር። ሱቁ በር ላይ ወጣቱ ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀ። ተገኝ «የእኔ እንግዳ ናት» አላለም። ፀዳል በዚህኛው ጊዜ ፊቷን አልሸፈነችም፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ «እንኳን ተመለሱ፣ ጠፍተው ነበር» ብላ ትንሿን ብልቃጥ አወጣችላት።

ከባንኮኒው በላይ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ የሱቁ የንግድ ፈቃድ ተሰቅሏል። ስቴቱ የሰጠው ነው። ማህተሙ ከታች በስተቀኝ ነው፤ ክብ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ያልተዛነፈ። ተገኝ በሕይወቱ ካያቸው ማህተሞች ሁሉ የሚያምረው ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ አየው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኮፒ ይጠይቅ ነበር።

ፀዳል መኪናው ውስጥ ሁለት ጠብታ ከምላሷ በታች አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። ተገኝ ሞተሩን ሳያስነሣ ጠበቀ። ቆይቶ፣ ከወገቧ ሥር የገባው እጇ ቀስ ብሎ ወጥቶ ጭኗ ላይ ዐረፈ።

ቤቷ ሲደርሱ እሱ ብልቃጧን ይዞ ወደ ኋላ ቀረ። ዐሥራ ስድስቱን ደረጃ ስትወጣ ከታች ሆኖ ተመለከተ። ሰባተኛው ላይ መደገፊያውን ያዘች፣ ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ስምንተኛውን ረገጠች።